የቆየ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሚመጣ መርሳት፦ ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከሐዋሳ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል፦ «እናቴ 67 ዓመቷ ነው። በ29 ዓመቷ ስኪዞፍሬኒያ ተብላ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ታክማለች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የሞዴኬት መርፌ ትወጋለች፤ አርቴን 5 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ስላላት አሚትሪፕቲሊን ተጨምሮላታል። ሕመሟ ከተረጋጋ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ጀበና ጥዳ ትረሳለች፣ የልጅ ልጆቿን ስም ታቀያይራለች፣ አንድ ቀንም ከገብርኤል ስትመለስ የቤቷ መንገድ ጠፍቷት ሰው ነው ያመጣልን። ነጠላዬን ሠራተኛዋ ሰረቀችኝ ትላለች። ወንድሞቼ ‹ድሮም አእምሮዋን የታመመች ናት፣ አሁን ደግሞ ጃጀች› ይላሉ። እኔ ግን መድኃኒቱ ይሆናል ብዬ ላቋርጥላት አስባለሁ። ምን ይሻላል?»

አንድ ነገር ላስቀድም፤ መርፌውንም ሆነ ኪኒኑን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ይህን የምለው ጥርጣሬዎን ንቄ አይደለም፤ እንዲያውም ከወንድሞችዎ ግምት ይልቅ የእርስዎ ጥርጣሬ ለእውነቱ የቀረበ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ከሦስቱ መድኃኒቶች የትኛው አስቀድሞ ይቀነስ፣ በምን ያህል መጠንና በምን ፍጥነት ይቀነስ የሚለው ሐኪም አይቷቸው የሚወሰን ነው። ምክንያቱን ወደ በኋላ በዝርዝር እመጣበታለሁ።

የወንድሞችዎን አባባልም ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም፤ ይህ አስተሳሰብ በቤተሰብ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሕክምና ክፍሎችም ውስጥ ሥር የሰደደ ነውና። አንድ ሰው የአእምሮ ሕክምና ካርድ ካለው ራሱን ቢያመው፣ ቢወድቅ፣ ሰውነቱ ቢዝል ወይም ቢረሳ ነገሩ ሁሉ በዚያው ካርድ ይተረጎማል፤ ሌላው ታካሚ በደም ምርመራና በራጅ የሚታየውን ያህል ሳይታይም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናትዎ ግን ለ38 ዓመታት ከሕመማቸው ጋር ሲኖሩ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ጠፍቷቸው አያውቅም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያልነበረ ነገር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመጣ፣ የቆየውን ሕመም ምክንያት አድርጎ ማለፍ አይቻልም፤ እንደማንኛውም አዲስ ሕመም ከሥሩ ሊመረመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አቋም የሚነሣ ነው።

ስኪዞፍሬኒያ የማሰብ ችሎታን ይነካል ወይ ቢባል አዎን ይነካል፤ የሚነካው ግን በአብዛኛው ገና ሲጀምር ነው። ትኩረትን ሰብስቦ መቆየት፣ የሰሙትን ቶሎ ማብላላት፣ አንዱን ሐሳብ በልብ ይዞ ሌላውን መሥራት፣ እነዚህ ችሎታዎች በብዙ ሕሙማን ላይ የሌለ ድምፅ መስማትና መጠራጠር ከመጀመሩም በፊት ቀንሰው ይገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን በጉልምስናው ዘመን ሁሉ በአመዛኙ እዚያው ደረጃ ላይ ይቆያሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሕመሙን ለይቶ የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን መጨረሻው የአእምሮ መፍረስ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ይህ እምነትም ለብዙ ዘመን የሐኪሙንም የቤተሰቡንም ተስፋ አጨልሟል። በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን በአማካይ ለ32 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ጥናት ግን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በጉልህ እንደተሻላቸው ወይም እንደዳኑ አሳይቷል። እናትዎም ለብዙ ዓመታት ተረጋግተው መኖራቸው የሚያስደንቅ ልዩ አጋጣሚ ሳይሆን ሕመሙ ሲታከም በብዙዎች ላይ የሚታይ ሂደት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ሌላውንም ገጽ መደበቅ አይገባኝም። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ሲያረጁ የመርሳት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው አረጋዊ ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሆነ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ሰፊ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ ስሜት ከልክ በላይ በመፈንጠዝና በድብርት መካከል በሚዋልልበት የባይፖላር ሕመምና በተደጋጋሚ በሚመለስ ከባድ ድብርት ላይም አደጋው ከፍ ይላል። ለምን የሚለው ሙሉ በሙሉ ከሕመሙ ተፈጥሮ የሚመነጭ አይመስለኝም። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የመርሳት ሕመም ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ከመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ ከትምህርት ቀድሞ መቅረት፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ አልኮል፣ ውፍረት፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ ድብርት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ከሰው መገለል ይገኙበታል። ይህን ዝርዝር በወጣትነቱ ታሞ ከትምህርቱ የቀረ፣ ከሠርግና ከልቅሶ የራቀ፣ ግፊቱን ለክቶለት የሚያውቅ ሰው ያጣ አንድ የአገራችን ሕመምተኛ ሕይወት ላይ ቢያስቀምጡት ብዙው ይገጥማል። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመታት የተከታተለው ጥናት ደግሞ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በሦስት አስርት ዓመታት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አመልክቷል። ስለዚህ 67 ዓመት ላይ የደረሰ ታካሚ በክሊኒኮቻችን ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም፤ ለእነዚህ ጥቂቶች የሚሆን የመድኃኒት መጠን ማስተካከልም ገና ልማድ አልሆነልንም።

ወደ ዘረዘሯቸው ምልክቶች ስመጣ ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም። የልጅ ልጆችን ስም ማቀያየር ብቻውን ብዙ አያሳስበኝም፤ አራት አምስት የልጅ ልጅ ያላት አያት አንዱን ለመጥራት ሦስቱን መጥራቷ የተለመደ ነው። የጀበናው መረሳት በመካከል ያለ ነው፤ ከድካም፣ ከትኩረት ማነስ፣ ከእንቅልፍ መድኃኒትም ሊመጣ ይችላል። ለዓመታት የተመላለሱበት መንገድ መጥፋቱ ግን ከባድ ምልክት ነውና እርሱን ለሐኪም መጀመሪያ ይንገሩ።

በቤት ምርመራ ማድረግ ባይቻልም ማስተዋል ይቻላል። ሦስት ነገር ይንገሯቸውና ያስደግሟቸው፤ ኮረሪማ፣ ሳሙና፣ ጧፍ እንበል። ሌላ ወሬ አውርተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጠይቋቸው። የቆየ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው በመጀመሪያ ለመያዝ ይቸገራል፣ ደጋግሞ መንገርም ያስፈልጋል፤ አንዴ ከያዘው በኋላ ግን «አንዱ የቅመም ዓይነት ነበር» ተብሎ ፍንጭ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ያስታውሰዋል። ከመርሳት ሕመሞች ዋነኛው በሆነው በአልዛይመር ሕመም ግን የሰሙት ነገር ሳይቀመጥ ስለሚጠፋ ፍንጩ አይጠቅምም፤ «መቼ ነገርሽኝ?» ሊሉዎትም ይችላሉ። ድብርት ያለባቸው አረጋውያን ደግሞ ሳይሞክሩ «አላውቅም፣ ተዪኝ» ይላሉ፤ መርሳታቸው ከማንም በላይ እነሱን ያስጨንቃቸዋል፤ ምግብም እንቅልፍም ይቀንሳሉ። ድብርት ሲታከም መርሳቱ ጎልቶ የሚሻሻልበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም በእርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ድብርት የመርሳት ሕመም መግቢያ ሊሆንም ስለሚችል ክትትሉ ድብርቱ በመዳኑ አይቆምም። ይህ ሁሉ ለሐኪሙ የሚነገር ምልከታ እንጂ በቤት የሚሰጥ የሕመም ስም እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

የነጠላው ስርቆት ለብቻው መታየት አለበት፤ ቤተሰብም ባለሙያም በብዛት የሚሳሳትበት ቦታ ነውና። «የድሮው ጥርጣሬ ተመለሰባት» ተብሎ የመርፌው መጠን ሊጨመር ይችላል። ከዚያ በፊት ግን እናትዎ በወጣትነታቸው ሲታመሙ የነበራቸው እምነት ምን ይመስል እንደነበር ያስታውሱ ወይም ታላላቆችዎን ይጠይቁ። በስኪዞፍሬኒያ የሚመጣው የተሳሳተ እምነት ብዙ ጊዜ ሰፊና የተያያዘ ነው፤ ጎረቤት ተማክሮ መርዝ ያደርግብኛል፣ ሬዲዮኑ ስለ እኔ ያወራል፣ የሚሰድቡኝ ድምፆች ይሰሙኛል የሚል ዓይነት ነው። በመርሳት ሕመም የሚመጣው ግን ትንሽና የቤት ውስጥ ነገር ነው፤ ነጠላው፣ ቁልፉ፣ ከፍራሽ ሥር የተቀመጠው ብር። ሰውየው ዕቃውን የት እንዳኖረ ይረሳል፤ ማኖሩንም ይረሳል፤ ስለዚህ የቀረው ማብራሪያ ተሰርቄአለሁ የሚል ብቻ ይሆናል፤ የሚጠረጠረውም ዘወትር አጠገቡ የሚውለው ሰው ነው። ነጠላው ከሌላ ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ ሲያዩት ነገሩን የሚተዉት ከሆነ ይህ ከቆየው ሕመም ይልቅ ወደ መርሳቱ ያጋድላል። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ለማስታገስ መርፌ መጨመር መርሳቱን አይፈውስም፤ መገታተርን፣ መውደቅንና ድንዛዜን ግን ይጨምራል። ሠራተኛዋንም በእናትዎ ፊት አይመርምሯት፣ በዚህ ምክንያትም አያሰናብቷት፤ የሚለምዱትን ሰው ማጣት ለእናትዎ ሌላ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ ልምጣ፤ በእኔ አስተያየት ለእናትዎ ፈጥኖ ሊለወጥ የሚችለው ነገር ያለው እዚህ ነውና። በአንጎላችን ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር አለ፤ አዲስ ነገር ለመያዝና ትኩረት ለመስጠት እጅግ አስፈላጊ ነው። በአልዛይመር ሕመም ቀድመው ከሚጎዱት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ይህን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ይገኙበታል። አርቴን የሚሠራው በትክክል ይህንኑ ንጥረ ነገር በመከልከል ነው፤ የሞዴኬት መርፌ የሚያመጣውን የጡንቻ መገታተርና መንቀጥቀጥ የሚያስታግሰው በዚህ መንገድ ስለሆነ በ30 ዓመት ጎልማሳ ላይ ጥቅሙ ከጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። የ67 ዓመት አንጎል ግን ተቀማጩ የቀነሰ ነው፤ ያው ኪኒን መርሳትን፣ ግራ መጋባትን፣ አልፎ አልፎም የሌለ ነገር ማየትን ሊያመጣ ይችላል። አሚትሪፕቲሊንም በዝቅተኛ መጠን ለእንቅልፍ የሚታዘዝ ቢሆንም ይህንኑ አሴቲልኮሊን ይከለክላል። ስለዚህ እናትዎ በአንድ ጊዜ አንድን ነገር በሁለት በኩል የሚከለክሉ መድኃኒቶች እየወሰዱ ናቸው፤ መርሳቱ ጎልቶ የታየውም ሁለተኛው ከተጨመረ በኋላ መሆኑን ከጥያቄዎ ተረድቻለሁ። የጊዜው መከታተል ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ቸል የሚባል አይደለም። አፋቸው ይደርቅ እንደሆነ፣ ሆድ ድርቀት እንዳለባቸው፣ ሽንት ለመሽናት ይቸገሩ እንደሆነ፣ ዓይናቸው ይደበዝዝ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ እነዚህ ከተገኙ መድኃኒቶቹ በመላ ሰውነት ላይ እየሠሩ ናቸው ማለት ነው። ለጉንፋንና ለማሳከክ ከፋርማሲ የሚገዙት እንደ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉ ኪኒኖችም በዚሁ ሸክም ላይ ይጨምራሉ።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ውስጥ እንደ አርቴን በልማድ የሚጻፍ መድኃኒት ያለ አይመስለኝም። ልማዱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት በውጭ አገር የሠለጠኑት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ስለነበሩ መላውን አገር የተሸከሙት የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። በዚያ ዘመን ዋነኞቹ መድኃኒቶች መገታተርን በብዛት የሚያመጡ ነበሩ፤ አርቴንን አብሮ ማዘዝም ታካሚው ተገታትሮ በሌሊት እንዳይመጣ የሚያደርግ ጥንቃቄ ተደርጎ ተወሰደ። ችግሩ ካርዱ ሲያልቅ ትእዛዙ ወደ አዲሱ ካርድ መገልበጡ፣ ከዚያም ወደ ሌላ መገልበጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች ለቅድመ ጥንቃቄ በመደበኛነት መስጠትን አይደግፍም፤ ምልክቱ ጎልቶ ሲመጣና ሌላው መንገድ ሳይሠራ ሲቀር ለአጭር ጊዜ እንዲሰጡ ነው የሚመክረው።

ታዲያ ለምን ዛሬውኑ አላቋርጥም ይሉ ይሆናል። አርቴን ለዓመታት ከተወሰደ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲቆም ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና እረፍት ማጣት ያመጣል፤ መርፌው በነበረበት መጠን ከቀጠለም መገታተሩ ይመለሳል። የሞዴኬት ነገር ደግሞ የበለጠ ያታልላል። መድኃኒቱ በዘይት ተሟሙቶ በጡንቻ ውስጥ የሚቀመጥ ስለሆነ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለወራት ከሰውነት ቀስ እያለ ይወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ታካሚው ነቃ ብሎ፣ ፊቱ ፈታ ብሎ ይታይና ቤተሰብ «ያለ መርፌም ደህና ናት» ይላል። ሕመሙ የሚያገረሸው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ማገርሸትም ምግብና እንቅልፍን ነሥቶ ሰውነትን በቶሎ ይጥላል። መርፌውን በጥንቃቄ መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው። ጉበትም ኩላሊትም በዕድሜ ስለሚደክሙ በ40 ዓመት ልክ የነበረው መጠን በ67 ዓመት የበዛ ይሆናል፤ ለዓመታት ተረጋግተው የቆዩ አረጋውያን ብዙዎቹ ባነሰ መጠን ደህና ሆነው ይኖራሉ። እኔ ባያቸው ኖሮ መጀመሪያ አሚትሪፕቲሊኑን አስወጣ፣ ቀጥሎ የመርፌውን መጠን በትንሹ ቀንሼ ጥቂት ወራት እጠብቅ፣ ከዚያ አርቴኑን በሳምንታት ልዩነት በግማሽ ኪኒን እየቀነስኩ እወርድ ነበር፤ የሚከታተሏቸው ሐኪም ግን አካላቸውን አይተው ሌላ ቅደም ተከተል ሊመርጡ ይችላሉ። ከንፈራቸውንና ምላሳቸውን ሳያስቡት እያላመጡ ያንቀሳቅሱ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ይህ ከመርፌው ለረጅም ዘመን መወሰድ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ሲሆን አርቴን አያሻሽለውም፣ ሊያባብሰውም ይችላል።

መድኃኒቱ ጥፋተኛ ቢመስልም ሌላው ምርመራ አይቀርም። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የኩላሊት፣ የእንቅርት ሆርሞንና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ፣ እንዲሁም የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ «በዚህ ዕድሜ?» ተብለው የሚታለፉ ናቸው፣ ሊታለፉ ግን አይገባም። ባለፉት ወራት ወድቀው ጭንቅላታቸውን መትተው ከሆነ በራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ይችላል፤ በሲቲ ስካን ይታያል፣ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል። ዓይናቸውንና ጆሮአቸውንም ያስመርምሩ። የዓይን ሞራ በአገራችን ዋነኛው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ሲሆን፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ለዓይን ሕክምና የሚወሰደው ከሁሉ መጨረሻ ነው። በደንብ የማያይ ሰው መንገድ ቢጠፋው፣ በደንብ የማይሰማም የተነገረውን ቢረሳ ምን ይገርማል? ጀበናው የሚጣደው በከሰል ከሆነና ክፍሉ የተዘጋ ከሆነም የከሰሉ ጋዝ ራስ ምታት፣ ማዞርና መርሳት እንደሚያመጣ ልብ ይበሉ።

ለውጡ ግን በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የመጣ ቢሆን፣ ጠዋት ደህና ሆነው ማታ ቢቃዡ፣ ቢደነዝዙ ወይም ሰው ባይለዩ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ይህ ዴሊሪየም ይባላል፤ ከኋላው የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ የሽንት መታገት ሊኖር ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን፣ ሐዋሳም ሆነ አዳማ፣ ወባም አለ። በአረጋዊ ላይ እነዚህ ሕመሞች ያለ ትኩሳት በግራ መጋባት ብቻ ሊገለጡ ይችላሉ።

የማስታወስ ፈተናውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዓለም ላይ የተለመዱት መጠይቆች የተሠሩት ለተማረ ሰው ነው፤ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ይህን ቅርጽ አስመስላችሁ ሣሉ ይላሉ። እስክሪብቶ ይዘው የማያውቁ እናት በዚህ ፈተና ቢወድቁ ከትምህርት ቤት መቅረታቸውን እንጂ መርሳታቸውን አያሳይም። ቀኑን ስንጠይቅም በእኛው አቆጣጠርና በእኛው ሰዓት መሆን አለበት። እናትዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ስለሆኑ እኔ «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዕለቱ 12 ሲሆን ሚካኤል፣ 19 ሲሆን ገብርኤል፣ 21 ሲሆን ማርያም መሆኑን ዕድሜ ልካቸውን ያለ ካላንደር የሚያውቁ ሰው ይህ ከጠፋቸው ከማንኛውም ነጥብ የበለጠ ይነግረኛል። የቡና አፈላል ቅደም ተከተል፣ የቤተሰቡ ልቅሶና ሠርግ፣ ደርግ ሲገባ የት እንደነበሩ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ እነዚህ ሁሉ መጠየቂያ ይሆናሉ። ሐዋሳ ሲዳምኛም ወላይትኛም አማርኛም የሚነገርባት ከተማ ናትና ፈተናው አፍ በፈቱበት ቋንቋ ይሁን፤ አእምሮ ሲደክም በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊሸሽ ይችላል።

ምርመራው ሁሉ አልቆ፣ መድኃኒቱም ተስተካክሎ መርሳቱ ከቀጠለና እየሰፋ ከሄደ የመርሳት ሕመም በቆየው ሕመም ላይ ተደርቦ መጥቷል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ዶኔፔዚልን የመሰሉ መድኃኒቶች በመጠኑ ሊረዱ ይችላሉ፤ እነዚህ አሴቲልኮሊንን ከፍ የሚያደርጉ ስለሆኑ ከአርቴን ጋር አብሮ ማዘዝ አንዱ የገነባውን በሌላው ማፍረስ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 አዲሶቹ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቶች፣ በ2008 ደግሞ እንደ ሞዴኬት ያሉት የቆዩትም የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ ሞትን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። ይህ ማለት ግን 38 ዓመት ስኪዞፍሬኒያ የነበረበት ሰው መድኃኒቱን ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም፤ ሕመሙን ሊይዝ የሚችለው አነስተኛው መጠን ይፈለግለታል። በተለይ ግልጽ ሆነው የሚታዩ ሰዎችንና እንስሳትን ማየት ከጀመሩ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መርሳትና የሰውነት መገታተር ከታየባቸው ለሐኪሙ ሳይዘገዩ ይንገሩ፤ ልዊ ቦዲ በሚባለው የመርሳት ሕመም እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ከባድ ጉዳት ያደርሳሉና።

ጠበልን አልጠየቁኝም፣ ነገር ግን ቀጣዩ ጥያቄ እርሱ እንደሚሆን አውቃለሁ። ጠበልና መድኃኒት ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ ጉዳት የሚመጣው ጠበል ቦታ ለመቆየት ተብሎ መርፌው ሲዘለል ነው። ጾምን በተመለከተ ዕድሜያቸውንና ሕመማቸውን ለንስሐ አባታቸው ቢነግሩ ፈቃድ እንደማይከለከሉ እገምታለሁ። በዚህ አጋጣሚ ለባይፖላር ሕመም የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስዱ ሌሎች አንባቢዎች ካሉ፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ለረጅም ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት የሊቲየምን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት እንደሚያመጣ ይወቁ፤ ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ከሰሉንና እሳቱን ሌላ ሰው ይቆጣጠር፤ ቡናውን ማፍላት ግን አይከልክሏቸው፣ አጠገባቸው ሰው ይቀመጥ። ስልክ ቁጥርዎን ጽፈው በቀሚሳቸው ኪስ ይስፉላቸው፤ ወደ ገብርኤል ሲሄዱም አብሯቸው የሚሄድ ሰው ይኑር። ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወይም ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ሲሄዱ በቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ የጉንፋኑንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ አሚትሪፕቲሊኑ በየትኛው ወር እንደተጀመረና እያንዳንዱ ምልክት መቼ እንደታየ በወረቀት ይጻፉ። የሚቃወሙ ወንድሞችዎ ካሉ አንዱን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት መድኃኒቱ ከመቀነሱ በፊት በካርዳቸው ላይ እንዲመዘገብ ይጠይቁ። መድኃኒቶቹ ተቀንሰው ካበቁ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ያው ፈተና በዚያው ቋንቋ፣ ቢቻል በዚያው ባለሙያ ይደገማል፤ ከመድኃኒቱ የመጣውና ከሌላ የመጣው የሚለየው ያኔ ነው።